በጥቂት ገንዘብ የአውሮፓን ከተሞች ስለ መጐብኘት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)

እኔ በቁሐር ሚካኤል ተወልጄ፣ በዚሁ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዛሬ በወረታ ከተማ ከወንድሜ ጋር አንዲት የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። የበዓሉ አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ ስለ ሩዝ ለመናገር አስቤ ነበር። ተማሪዎቹ ግን «ስለ አውሮፓው መንገድዎ ይንገሩን፤ ስንት ፈጀብዎ? ቪዛውንስ እንዴት አገኙ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙ ወጣት ይህን ጥያቄ የሚያቀርበው ለደላላ ስለ ሆነ፣ መልሱን ከደላላ ከሚሰማው ከእኔ ቢሰማው ይሻለዋል ብዬ ተቀበልሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። የምጠራቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ይህን የማደርገው የራሳችንን አቈጣጠር ንቄ አይደለም። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከኤምባሲው ደጅ ጀምሮ እስከ ባቡሩ በር ድረስ የሚያገኘው ወረቀት ሁሉ በዚያ አቈጣጠር የተጻፈ ስለ ሆነ ነው። የልደቱን ቀን አሳስቶ የጻፈ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ መንገዱን ያበላሻል።

ከእኛ ወገን ወደ አውሮፓ መሄድ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮማ ሳሉ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተዋወቁ። በ1652 ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በጎታ ከተማ፣ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት፣ ስለ አገራችን ታሪክ፣ ልማድና ቋንቋ አስረዱት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሲያሳትም ከርሳቸው የተማረው ብዙ ረድቶታል። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 በባሕር ሰጥመው ቀሩ።

ከእኛው አካባቢ ደግሞ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም አሉ። የይፋግ ተወላጅ ናቸው። ይፋግ ከአዲስ ዘመን አጠገብ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አለቃ ታየ በ1905 ወደ በርሊን ተልከው፣ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እያስተማሩ ሦስት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው መጻሕፍት ጻፉ።

በእኛ አቈጣጠር በ1916 ዓ. ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከመኳንንቱ ጋር ሆነው ፓሪስን፣ ብሩክሰልን፣ ሉክሰምበርግን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማን፣ ሎንዶንን፣ ጄኔቭንና አቴናን ጐበኙ። ያ ጕዞ የመንግሥት ጕዞ ስለ ነበረ ስለ ቍጠባ አያስተምረንም። ነገር ግን ብዙ ከተማ በአንድ መንገድ ለማየት ወራት እንደሚፈጅ ያሳየናል። ሦስቱንም ጕዞዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ተጓዥ ሲነሣ ምክንያት ይዞ መነሣቱ ነው። እኔ ይህን ያልተማርሁት በመጀመሪያው ሙከራዬ ጊዜ ነበር፤ ስለ ስሕተቴም አሁን እነግራችኋለሁ።

በ2023 የመጀመሪያውን ዕቅዴን አወጣሁ። በ12 ቀን ውስጥ ሮማን፣ ፓሪስን፣ ብሩክሰልን፣ አምስተርዳምን፣ በርሊንን፣ ቪየናንና ሎንዶንን ላይ ነበር። ሰባት ከተማ በ12 ቀን! ከተማ ከማየት ይልቅ የባቡር ጣቢያ ለማየት የወጣ ዕቅድ ነበር ማለት ይቻላል። በማመልከቻው ላይ የጕዞው ምክንያት ሲጠየቅ «ጉብኝት» ብዬ ጻፍሁ። በባንክ ያለኝ ገንዘብ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ከወዳጆቼ ተበድሬ፣ ማመልከቻውን ከማግባቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ሒሳቤ ውስጥ አስገባሁት። 80 ዩሮ ከፈልሁ፤ የጣቴን አሻራ ሰጠሁ፤ ተመልሼም ጠበቅሁ።

የመልሱ ወረቀት ሁለት ምክንያት ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ለመንገዱ የሚበቃ ገንዘብ ያለኝ መሆኑ አልታመነም። ሁለተኛው፣ ቪዛው ሲያልቅ ወደ አገሬ መመለሴ አጠራጠረ። በጣም ተቈጣሁ። የተበደርሁትን ገንዘብ ለየባለቤቱ መልሼ፣ 80 ዩሮዬን አጥቼ፣ ቁሐር ሚካኤል ወደ አባቴ ቤት ሄድሁና የደረሰብኝን በደል ብዬ የቈጠርሁትን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው። አባቴ ዝም ብለው ሰሙኝና፦

«ልጄ፤ ገንዘቡ ያንተ ነበረን?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይደለም፤ ለማሳየት ያህል ነው» አልኋቸው።

«በተዋሰው ጥንድ በሬ አጠገብ ቆሞ ‹ባለ በሬ ነኝ› የሚልህን ሰው አንተ ታምነዋለህን? በቅዳሜ ገበያ አይተህ የምታውቀውን ነገር ፈረንጅ አያውቀውም ብለህ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከልካዩን ሰው ስወቅስ የከረምሁት የራሴን ሐሰት ላለማየት ነበር። በሒሳብ ደብተሬ ላይ በድንገት የመጣው ገንዘብ፣ እውነተኛ የሆነውን የወፍጮዬን ገቢ እንኳ ሳይቀር አጠራጣሪ አድርጎት ነበር።

ከዚህ በኋላ በዚሁ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ወዳስተማሩኝ መምህር ዕቅዴን ይዤ ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና በቀይ እስክሪብቶ ከሰባቱ ከተሞች አምስቱን ሰረዙ። ሮማና በርሊን ቀሩ። «ለመሆኑ ምን ልታይ ነው የምትሄደው?» አሉኝ። ብዙ አሰብሁና «በኢጣልያ በፖ ወንዝ ሜዳ ሩዝ ይበቅላል ብለው አስተምረውን ነበር» አልኋቸው። መምህሬ ሳቁና «ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍኸውም?» አሉኝ።

ወገኖቼ፤ ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በእኛ አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። አባቶቻችን በርብና በጕማራ ጐርፍ ተውጦ ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረውን ሜዳ በሩዝ አለበሱት። የእኔም እንጀራ የተገኘው ከዚያ ነው። እንግዲህ ምክንያቴ በደጃፌ ተኝቶ ሳለ እኔ በሩቅ ፈልጌው ኖሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት በደብተር እየጻፍሁ ተዘጋጀሁ። የተማርሁትን በየተራው ልግለጽላችሁ።

1ኛ፤ ስለ ምክንያት። መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ «ምን አይቼ እመለሳለሁ?» የሚለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ አለበት። የእኔ ዐረፍተ ነገር «የቬርቼሊን የሩዝ እርሻ አይቼ እመለሳለሁ» የሚል ነበር። የቀረው ከተማ ሁሉ በዚህ ላይ ተጨመረ እንጂ በርሱ ቦታ አልተተካም።

2ኛ፤ ስለ ቪዛ። ሼንገን በሚባለው ስምምነት ውስጥ 29 አገሮች አሉ፤ ከነዚህ አንዱ የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ በሁሉም ያገለግላል። በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቀምጥም። ሎንዶንና ደብሊን በዚህ ውስጥ የሉም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ወደ ሎንዶን ከተሻገረ በዚያው ቪዛ ወደ ፓሪስ አይመለስም። የመጀመሪያው ዕቅዴ በዚህም ስሕተት ነበረበት።

ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቈዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት ነው። እኔ በኢጣልያ 6 ሌሊት፣ በጀርመን 4 ሌሊት ስለ ነበረኝ ያመለከትሁት ለኢጣልያ ነው። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቈይ መሆን አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። ክፍያው ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ለትምህርት ጉዳይ የሚሄዱ ተማሪዎችና አብሯቸው የሚሄድ መምህር ግን ከክፍያው ነፃ የሚሆኑበት ደንብ ስላለ ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ማመልከቻ ከጕዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ማግባት ይቻላል። በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አግዷል። ስለዚህ እኔ በጥድፊያ ሳይሆን ከሦስት ወር በላይ አስቀድሜ አመለከትሁ። ደንብ የሚለወጥ ነገር ስለ ሆነ እናንተ ስትነሡ ከራሱ ከኤምባሲው እንጂ ከመንገድ ወሬ አትቀበሉ። ቪዛው ሳይገኝም የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዙ፤ ቦታ ማስያዝ ይበቃል።

3ኛ፤ ስለ ወረቀት። በሁለተኛው ጊዜ ያቀረብሁት የወፍጮውን የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የአንድ ዓመት የባንክ ሒሳብና የየቀኑን ዕቅድ ነው። ገንዘቡ ከፊተኛው ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም የእኔ ነበር፤ ከየት እንደ መጣም ይታይ ነበር። ስለ መመለሴ «የሩዝ ዘር የሚዘራበት ወር ስለሚደርስ በግንቦት መጨረሻ በእርሻዬ መገኘት አለብኝ» ብዬ ጻፍሁ። ቪዛው ተሰጠኝ።

4ኛ፤ ስለ ገንዘብ። ዕቅዳችሁን በብር ብቻ አታውጡ። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በብር የጻፍሁት ዕቅድ ሁሉ ዋጋ አጣ። ወጪውን በዩሮ ጻፉ፤ በየወሩም ወደ ብር እየመለሳችሁ ተመልከቱ። ዩሮውን የገዛሁት ፓስፖርቴን፣ ቪዛዬንና ቲኬቴን አሳይቼ ከባንክ ነው።

በ2025 ግንቦት ላደረግሁት የ12 ቀን ጕዞ፣ ከአውሮፕላኑ ቲኬት በቀር፣ ያወጣሁት ዕቅድ ይህ ነበር፦

ለማደሪያ፣ 11 ሌሊት (አንዱ በባቡር ውስጥ) … 380 ዩሮ
ለባቡር … 206 ዩሮ
ለምግብ፣ በቀን 15 ዩሮ ሒሳብ … 180 ዩሮ
ለሙዚየም መግቢያ … 30 ዩሮ
ለቪዛ … 90 ዩሮ
ለሕክምና ዋስትና … 25 ዩሮ
ለድንገተኛ ነገር … 120 ዩሮ
ድምር … 1,031 ዩሮ

ይህ ለእኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። የሁለት ዓመት ቍጠባ ነው። በጥቂት ገንዘብ መጓዝ ማለትም ያለንን አውቆ በርሱ ልክ መጓዝ እንጂ ያለ ገንዘብ መሄድ ማለት አይደለም። ለድንገተኛ ነገር የተያዘው 120 ዩሮ ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚሰጥ ገንዘብ ስለ ሆነ እርሱን ቀንሳችሁ ከተማ አትጨምሩበት።

5ኛ፤ ስለ መንገዱ መሥመር። በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ ከተማ መውጣት ወደ ኋላ የመመለሻውን ዋጋ ያድናል። እኔ በአየር መንገዳችን ሮማ ገባሁ፤ የተመለስሁትም አየር መንገዳችን ከ1958 ጀምሮ ሲበርርባት ከኖረች ከፍራንክፈርት ነው። ከሮማ ወደ ቱሪን፣ ከቱሪን ወደ ቬርቼሊ፣ ከዚያም በሚላኖ በኩል ወደ ዙሪክ በባቡር ሄድሁ። በስዊስ ተራሮች ሥር 57 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውንና በ2016 የተከፈተውን የጎትሃርድን ዋሻ ያለፍሁት በዚህ መንገድ ነው። ከዙሪክ እስከ በርሊን ሌሊቱን በባቡር ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አደርሁ። የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዳነልኝ፤ ጀርባዬን ግን ሁለት ቀን አመመኝ። ይህንንም ከሒሳቡ አስገቡት።

በፈጣን ባቡር የሚሄድ ሰው ቲኬቱን ከብዙ ሳምንት በፊት ቢገዛ ዋጋው እጅግ ይቀንሳል። በጀርመን አገር ደግሞ በ2025 በወር 58 ዩሮ ተከፍሎበት በፈጣኖቹ ሳይሆን በየአካባቢው ባቡር፣ አውቶቡስና ትራም ሁሉ የሚያስሄድ ቲኬት ነበረ፤ እኔ በርሊንን፣ ጎታንና ፍራንክፈርትን ያየሁት በርሱ ነው። የወር ምዝገባ ስለ ሆነ በጊዜው ማስቀረትን አለመርሳት ነው። በሉክሰምበርግ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ ለማንም ሰው በነፃ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የጠየቀ ያተርፋል።

6ኛ፤ ስለ ማደሪያና ስለ ምግብ። 2025 በሮማ የኢዮቤልዩ ዓመት ስለ ነበረ ከተማው በተሳላሚ ተሞልቶ አልጋ ተወድዶ ነበር። ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት በዚያ ሰሞን ምን በዓል እንዳለ ጠይቁ። በትንሽ ከተማ ማደር ከትልቁ ይረክሳል፤ በቬርቼሊ በ40 ዩሮ የብቻ ክፍል ሳገኝ በሮማ በ45 ዩሮ ያገኘሁት ከሌሎች ሰዎች ጋር የምተኛበትን አልጋ ነበር። ከቤት በሶና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር። ሥጋና የወተት ውጤት ግን ከውጭ ማስገባት በአውሮፓ ኅብረት ክልክል ስለ ሆነ እናቶቻችን ቋንጣና ቅቤ ቢሰጧችሁ አመስግናችሁ ተዉት። በሮማ መንገድ ዳር ቀንና ሌሊት የሚፈስስ የመጠጥ ውሃ አለ፤ አንድ ባዶ ጠርሙስ በቀን ብዙ ሳንቲም ያድናል።

አሁን ደግሞ ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

በሮማ ብዙ የሚታየው ነገር ገንዘብ አያስከፍልም። ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የምትቆሙበት አደባባይ «የአምስቱ መቶዎች አደባባይ» ይባላል። እነዚያ አምስት መቶዎች በ1887 በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁ የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ያን ሁሉ መንገደኛ ሻንጣውን እየጐተተ ሲያልፍ አይቼ፣ ስሙን የሚያስተውለው ስንቱ ይሆን እያልሁ ጥቂት ቆምሁ። ከዚያም በእግሬ ወደ ፖርታ ካፔና ሄድሁ። በ1937 ተወስዶ በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው በዚያ ነው። በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ በዚህ ሐውልት አጠገብ አልፎ በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አሸንፏል። ቦታው ዛሬ ያለ ሐውልት ነው። ከዚያ እስከ ቅስቱ ድረስ በዝግታ ተራመድሁ፤ አንድ ሳንቲም አልከፈልሁም።

በቬርቼሊ ግን ልቤ ሌላ ሆነ። ከባቡሩ መስኮት ስመለከት ሜዳው ሁሉ በቀጭን የአፈር ግድብ ተከፋፍሎ እንደ መስተዋት ውሃ ለብሷል። በክረምት የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው «አገሬ ገባሁ» ይላል። ልዩነቱ ውሃው ነው። የእኛ ውሃ ሲፈቅድ ይመጣል፤ ሲፈቅድ ይቀራል። የእነርሱ ውሃ ግን ሲጠሩት ይመጣል፤ ሲሰናበት ይሄዳል። ከ1863 እስከ 1866 የተቈፈረው የካቩር ቦይ ከፖ ወንዝ ጠልፎ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይወስደዋል። የሩዝ ምርምር ጣቢያም በዚያች ከተማ በ1908 ተቋቁሟል።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ አገኘሁ። በስልክ አስተርጓሚ ተነጋገርን። የእርሻዬን ፎቶግራፍ አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ውሃው የሚወጣበት በር የት ነው?» ብሎ ነው። በር እንደሌለው ነገርሁት። በጨረር የሚመራ ማሽን መሬቱን እንዴት እንደሚያስተካክልለት፣ መሬቱም እኩል ከሆነ ስስ ውሃ ሁሉን እንደሚሸፍንና አረሙን እንደሚያፍን አሳየኝ። ማሽኑ ለእኔ የማይቻል ነው። የተስተካከለ መሬትና ትንሽ በር ግን በአካፋም ይሠራል።

ስለያይ ከጐተራው አንድ እፍኝ ዘር ብወስድ ብዬ ተመኘሁ። ነገር ግን ያለ ፈቃድና ያለ ጤንነት ማረጋገጫ ዘር ከአገር ወደ አገር ማሻገር ክልክል ነው፤ ከዘሩ ጋር በሽታ ቢገባ የሚጠፋው የጎረቤቴም እርሻ ነው። ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ሐሳቡን ግን በደብተሬ ይዣለሁ።

በበርሊን አለቃ ታየን እያሰብሁ ሦስት ቀን ቈየሁ። የጀርመን ፓርላማ ጕልላት ቀድሞ በስሙ ለተመዘገበ ሰው በነፃ ይታያል። ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የነበረው ግንብ መታሰቢያም በነፃ ነው። በ1884 እና በ1885 አፍሪቃን ለመከፋፈል መንግሥታት የተሰበሰቡበት ሥፍራም የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆሞበታል። በጎታም የፍሪደንሽታይንን ቤተ መንግሥት ስመለከት፣ አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ብርድ አገር የአማርኛን ቃል አንድ በአንድ ሲያስረዱ በዓይነ ኅሊናዬ ታዩኝ።

ወጣቶች ሆይ፤ አሁን የምነግራችሁ ለመናገር የሚከብደኝን ነው። በመጨረሻው ቀን በፍራንክፈርት አንድ የአገራችን ሰው አገኘሁ። ቡና ጋበዘኝ። ዛሬ ማታ እንደምመለስ ስነግረው «ቪዛ ይዘህ ገብተህ ትመለሳለህ? ስንቱ በባሕር የሚሞትለትን?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእኔ ያዘነ መስሎት ነው። እናቱን ካያት ዘጠኝ ዓመት እንደ ሆነው ነገረኝ፤ ሲነግረኝም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አልዋሻችሁም፤ ልቤ ተከፍሎ ነበር። በወፍጮ በዓመት የማገኘውን እርሱ በጥቂት ወር እንደሚያገኘው አስልቻለሁ። ነገር ግን በማመልከቻዬ ላይ «እመለሳለሁ» ብዬ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። አንድ ጊዜ በሐሰት ጽፌ አፍሬአለሁ። ሁለተኛውንም ሐሰት ባደርገው፣ ከእኔ በኋላ ከወረታ የሚያመለክተው ልጅ እውነት ቢናገር ማን ያምነዋል? ተነሥቼ ተሰናበትሁት፤ ለእናቱ የሚላክ ትንሽ ዕቃ ሰጥቶኝ አደረስሁላት።

ቁሐር ሚካኤል ስደርስ አባቴን በሬ ጠምደው አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ዘሩ ተዘጋጅቷል» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በኋላ እናቴ እንደ ነገረችኝ ግን፣ እኔ በሄድሁባቸው ቀኖች ሁሉ ማታ ማታ ወደ መንገዱ ወጥተው ይቆሙ ኖሯል።

በዚያ ክረምት ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሩብ ሔክታር መሬት በአካፋ አስተካክለን፣ ግድብና ትንሽ የውሃ በር አበጀንለት። ምርቱ ከሌላው ማሳ እጅግ አልበለጠም፤ አረሙ ግን ስላነሰ የማረም ድካማችን ቀነሰ። ዘንድሮም ጨምረን እንሞክራለን። ከ1,031 ዩሮ ያተረፍሁት ይህን ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ አውሮፓ ለመሄድ ገና ብዙ ዓመት ይቀርባችሁ ይሆናል። ዕቅድ ማውጣትን ግን ዛሬ መጀመር ትችላላችሁ። ከወረታ ደብረ ታቦር 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ አጠገብ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ሠራተኞች እጅ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት አለ። ባሕር ዳርና ጎንደርም ሩቅ አይደሉም። አንድ ደብተር ግዙ፤ ምን ልታዩ እንደምትሄዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ የአውቶቡሱን፣ የምሳውንና የመግቢያውን ዋጋ ደምሩ፤ ከዐሥር አንዱን ለድንገተኛ ነገር አስቀምጡ፤ ሄዳችሁ እዩ፤ ስትመለሱም ያያችሁትን ለክፍላችሁ ንገሩ። ይህን በጋፋት የለመደ ሰው በበርሊን አይጠፋም።

ክቡራን ወላጆች፤ ልጃችሁ «ውጭ አገር ልሂድ» ቢላችሁ አትቈጡት። «ምን ልታይ ነው? ገንዘቡ ያንተ ነው? መቼ ትመለሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በእውነት የመለሰ ልጅ ለመንገድ ደርሷል ማለት ነው።

ክቡራን መምህራን፤ በጂኦግራፊ ክፍል ስለ ፖ ወንዝ የተናገራችኋት አንዲት ቃል ከብዙ ዓመት በኋላ በቁሐር ሚካኤል ማሳ ላይ የውሃ በር ሆናለች። ስለዚህ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም።

ትምህርት ቤታችን ገና ብዙ በዓል እንዲያከብር፣ ልጆቹም ሩቅ ሄደው በደኅና እንዲመለሱ እየተመኘሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።